ለሻምበሏ የተሸከምነው ድንጋይ

ሮተርዳም ደቡብ የሚኖር ሐበሻ በስሜ አይጠራኝም። «ዳኛው» ነው የሚለኝ። በበዓል አዳራሽ ስገባ ወንበር ይለቀቅልኛል፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ «ለዳኛው ይነገር» ይባላል፤ ከጌሜንተ፣ ከከተማው አስተዳደር፣ ደብዳቤ የመጣበት ሁሉ ፖስታውን ሳይከፍት ይዞልኝ ይመጣል። በዚህ ስም ሃያ ስምንት ዓመት ተከብሬ ኖሬአለሁ። ዳኛ ግን ሆኜ አላውቅም።

እውነቱ ይህ ነው። ደርግ ሊወድቅ ሁለት ሦስት ዓመት ሲቀረው በአንድ ክፍለ ጦር ፍርድ ቤት አስር አለቃ ጸሐፊ ነበርኩ። ሥራዬ መተየብ ነው። ውሳኔው ከላይ በቁራጭ ወረቀት ይመጣል፤ እኔ ካርቦን አስገብቼ በሦስት ቅጂ እተይበዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ችሎቱ ይሰየማል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉልኝ። ዳኞቹ አንገታቸውን ደፍተው ሲመካከሩ ላየ የሚጨነቁ ይመስሉ ነበር፤ ፍርዱ ግን መሳቢያዬ ውስጥ ነው። ሆላንድ ስገባ በስደተኛ ካምፕ «ሥራህ ምን ነበር?» ሲሉኝ «ፍርድ ቤት» አልኩ። በአጠገቤ ያለ ሐበሻ ሰምቶ ዳኛ አደረገኝ። እኔም አላረምኩትም፤ የሚያከብረኝን ሰው ምን ብዬ ላርመው?

ከዚያ ካምፕ ጀምሮ የማውቃት አልማዝ የምትባል ሴት አለች። የአረጋውያን ቤት ውስጥ ትሠራለች። አንድ ልጅ አላት፣ ብሌን። እዚሁ ተወልዳ፣ እዚሁ አድጋ፣ ሌላ ሥራ የጠፋ ይመስል የሆላንድ ጦር ውስጥ ገባች። እናቷ ሳምንት አለቀሰች። እኔ ሳቅሁ። በብስክሌት ወደ ግዳጅ የሚሄድ፣ ዓርብ ከሰዓት «መልካም የሳምንት መጨረሻ» ተባብሎ ወደ ቤቱ የሚበተን ጦር ምን ጦር ነው እል ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድ ረቡዕ ብሌን ደወለችልኝ።

«ጋሽ ደምሴ፣ ሰኞ ምን ትሠራለህ?»

አንተ ነው የምትለኝ። እዚህ ያደገ ልጅ ሁሉ እንደዚያ ነው፤ ድሮ ያመኝ ነበር፤ አሁን ለምጄዋለሁ።

«ምን ሆንሽ?»

«ክስ አለብኝ። ማለቴ ትልቅ አይደለም፣ የዲሲፕሊን ነው። ባለፈው እማማን ሆስፒታል የወሰድኩ ቀን ጠዋት ያለ ፈቃድ ቀርተሻል ተባልኩ። ሰኞ ሻምበሏ ትሰማኛለች። ከተቀጣሁ የዘንድሮው የሃምሳ አለቃ ኮርስ ያልፈኛል። የምታምኚውን ሰው ይዘሽ መግባት ትችያለሽ ብለውኛል፤ ፈርትራውወንስማን ይሉታል። አንተ ደግሞ የጦር ፍርድ ቤት ታውቃለህ። መናገር የለብህም። ዝም ብለህ አጠገቤ ተቀመጥ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ከዋዜማው...»

«ተይው፣ ነገሩ ገብቶኛል» አልኳት።

እንዲህ ብዬ ነው የዘጋሁት። የገባኝ ነገር ቢኖር ልጅቷ ዳኛ መፈለጓ ብቻ ነበር፤ ያም አስደሰተኝ።

በማግስቱ አልማዝ ቤቴ መጣች። ኮቷን እንኳን አላወለቀችም።

«ጋሼ፣ ልጄ በእኔ ጦስ ልትበላሽ ነው። እኔን ሆስፒታል ላድርስ ብላ ነው የቀረችው። አስታክካ ጠፍታ ይሆናል እንጂ እነሱ ይፈቅዱላታል? እርስዎ ያውቁበታል። ሰኞ ሳይደርስ አለቃዋን አንድ ይበሉልኝ።»

እኔም ተነሣሁ። ምክንያቱም ፍርድ ማለት ለእኔ ሰው ነው። ያኔ በክፍለ ጦሩ የታሰረ ልጅ ያላቸው አባቶች ከየአገሩ ይመጡ ነበር፤ ድንጋይ ትከሻቸው ላይ አድርገው ኮሎኔሉ በር ላይ ይንበረከካሉ። ከመካከላቸው ለአንድ ሁለቱ፣ የኮሎኔሉ አገር ሰዎች ለሆኑት፣ «ተውት» ይባልላቸው ነበር። እኔም ወረቀቱን አውጥቼ ሌላ እተይባለሁ። ሕግ ያስተማረኝ ይህ ነው፤ በዚህ ትምህርት ነው ሮተርዳምን ሳስተዳድር የኖርኩት።

ሽማግሌ ሦስት መሆን አለበት። አንዱ እኔ። ሁለተኛው ቭላርዲንገን የሚኖሩት ጡረተኛው አቶ ተክሌ ናቸው፤ ኤርትራዊ ናቸው፣ በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ጋራዥ ሲሠሩ የተማሩትን አማርኛ ከእኔ አሳምረው ይናገሩታል። ሦስተኛው አምስተርዳም ያሉት ቄስ እንዲሆኑ ነበር፤ ግን ዓርብ ጠዋት ሆቴል የማጽዳት ተራ ነበራቸውና ሁለት ሆነን ቀረን።

ዓርብ ጠዋት ሄግ ባቡር ጣቢያ ስንገናኝ አቶ ተክሌ በሱፐርማርኬት ከረጢት ከባድ ነገር ይዘዋል።

«ምንድነው አቶ ተክሌ?»

«ድንጋይ ነዋ። ባዶ ትከሻ ይዘን ልንለምን ነው እንዴ? አገሩ አሸዋ ነው፣ ድንጋይ አታገኝበትም። ከአትክልት ዕቃ መሸጫ ነው የገዛሁት።»

ነጭ፣ ክብ፣ የታጠበ ድንጋይ ነው። ሥሩ ላይ የሱቁ ወረቀት አልተላጠም። እኔ ዳኛው «እውነትዎን ነው፣ ያለ ድንጋይ አይሆንም» አልኩ። በትራሙ ወደ ጦር ሰፈሩ ስንሄድ ወደ ስኬቨኒንገን ባሕር በሚወርዱ ቱሪስቶች መካከል ከረጢቱን እየተቀባበልን ያዝነው።

በሩ ላይ የብሌንን ሻምበል እንፈልጋለን አልን፤ ጠባቂው መታወቂያችንን ወሰደ፤ ከረጢቱን በመመርመሪያው አሳለፈ፤ ከዚያ እንደገና አሳለፈ።

«ይህ ምንድነው?»

«ድንጋይ ነው» አልኩ።

«ለምን?»

«ለይቅርታ።»

ጠባቂው በሬዲዮ አለቃውን ጠርቶ ቃል በቃል «ሁለት ሽማግሌ ሰዎች ድንጋይ ይዘው መጥተዋል፣ ለይቅርታ ነው ይላሉ» ሲል ሰማሁት። ድንጋዩ በር ላይ ቀረ። እኛ ወደ እንግዳ ማረፊያው ተወሰድን። አቶ ተክሌ ከድንጋያቸው በመለየታቸው በጣም ተቆጡ።

የማረፊያው ግድግዳ ላይ የአገሩ የጦር ፍርድ ታሪክ በፍሬም ተሰቅሏል። ሻምበሏን ስንጠብቅ አነበብኩት። መጀመሪያ መርከበኛ በገመድ ታስሮ ከመርከብ ሥር ሲጎተት የሚያሳይ ሥዕል አለ። ቀጥሎ ሦስት ሪዛም መኮንኖች ጠረጴዛ ከበው፤ ጽሑፉ አዛዥ የራሱን ወታደር ራሱ ከስሶ ራሱ ይቀጣ እንደነበር ይናገራል፤ ቅሬታ ያቀረበ ወታደር አጻጻፉ ደፋር መስሎ ከታየ ለቅሬታው ራሱ ሊቀጣ ይችል ነበር። ከዚያ ጸጉራቸውን ያስረዘሙ ብሔራዊ ውትድርና ላይ ያሉ ልጆች ማኅበር መሥርተው ሰልፍ ሲወጡ። በመጨረሻ ጥቁር ካባ የለበሱ ሁለት ሲቪል ዳኞችና አንድ መኮንን፤ የጦር ፍርድ ቤቱ ፈርሶ ከባድ ወንጀል በአርንሄም በመደበኛው ፍርድ ቤት እንደሚታይ፣ ቀላሉን ጥፋት አዛዡ እንደሚያይና ውሳኔው ላይ ቅሬታ እንደሚቀርብበት ተጽፏል። ሆላንዶች ያለፈ ጥፋታቸውን በመስታወት ከድነው መሞገስ ይችሉበታል። ኢንዶኔዥያ ላይ ለሠሩት ግን ግድግዳው አልበቃቸውም።

አቶ ተክሌ የመርከበኛውን ሥዕል ቀረብ ብለው አዩት። «ይሄ ምን እያደረጉት ነው?»

«ቅጣት ነው። በመርከብ ሥር እየጎተቱት።»

«ደግሞ እኛን ኋላ ቀር ይሉናል» አሉ።

እኔ ሳቅሁ። ሪዛሞቹ መኮንኖች ላይ ግን ዓይኔ ቆየ። ከጠረጴዛው ጥግ አንድ ጸሐፊ ተቀምጦ ነበር፣ ወረቀት ላይ እጁን ጭኖ። ጌትነት የሚባል ወታደር ትዝ አለኝ። ከዘብ ጥበቃ ጠፋ ተብሎ ተከስሶ፣ ከችሎቱ በፊት ኮሪደሩ ላይ ከእኔ ጋር ብቻውን ተቀምጦ ነበር። «አስር አለቃ፣ ምን ይወስኑብኝ ይሆን?» አለኝ። እኔም «ገና አልታየም» አልኩት። የተየብኩት ወረቀት እጄ ሥር ነበር። ይህን ትዝታ እንደ ልማዴ ገፋ አደረግሁትና ክራቫቴን አስተካከልኩ።

ሻምበሏ ገባች። እኛ የጠበቅነው ግንባሯን የቋጠረች ግዙፍ ሴት ነው። የመጣችው የብስክሌት ቁልፍ ጣቷ ላይ ያጠለቀች፣ በዕድሜ ልጄ ልትሆን የምትችል ቀጭን ሴት ናት። ቡና በየኩባያው ከአንድ አንድ ብስኩት ጋር አቀረበችልን።

«ተቀመጡ» አለች በደች።

«አንቀመጥም። ልመናችን ሳይሰማ አንቀመጥም፤ ባህላችን ነው» አልኩ።

ትንሽ አሰበች። «እንግዲያው እኔም እቆማለሁ።»

ሦስታችን ቆመን ቡናው ቀዘቀዘ።

«ብሌን ናት የላከቻችሁ?»

«እናቷ ናት የላከችን። ሻምበል፣ ልጅ ናት። አጥፍታለች። ሁለተኛ አይለምዳትም። ለእኛ ስጪን፤ እኛው እንቀጣታለን።»

እዚህ ላይ አቶ ተክሌ ያለ ድንጋይም ቢሆን ለመንበርከክ ጉልበታቸውን ሸብረክ ሲያደርጉ ሻምበሏ ያመማቸው መስሏት ክርናቸውን ያዘች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ከደረት ኪሷ እስክሪብቶ አወጣች።

«አጥፍታለች ሲሉ ምን ማለትዎ ነው? ያለ ፈቃድ መቅረቷን ነግራዎታለች?»

አንባቢዎች ሆይ፣ «አልነገረችኝም» ማለት ይቻል ነበር። አንዲት ቃል ናት። ዳኛው ግን አላውቅም አይልም፤ ሃያ ስምንት ዓመት ብሎ አያውቅም።

«ሁሉንም ነግራኛለች» አልኩ። «ከእኔ የምትደብቀው ነገር የለም።»

ጻፈችው። ስትጽፍ እጇን አየሁት። የሚጽፍን እጅ አውቃለሁ፤ የተጻፈ ነገር እንደማይሰረዝም አውቃለሁ።

«ይህን መዝገቡ ላይ ማስፈር አለብኝ፤ ለእሷም ማሳወቅ አለብኝ» አለች። «ስጪን ላሉት ግን ለመስጠት የእኔ አይደለችም። ድሮ አዛዥ ብቻውን ይጨርሰው ነበር።» በእስክሪብቶዋ ወደ ግድግዳው ጠቆመች። «አሁን እኔ የምወስነውን ሌላ ያየዋል፣ ከዚያም ፍርድ ቤት ሊያየው ይችላል። ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።»

አቶ ተክሌ ስንወጣ «ምን አለች?» አሉኝ።

«ታስብበታለች። መልሱ ሰኞ ነው» አልኳቸው።

አቶ ተክሌም «እግዜር ይመስገን» ብለው አማተቡ። ድንጋያቸውን ለማስመለስ ወደ ጠባቂው ሲሄዱ ግን እኔ እጃቸውን ይዤ ወደ ትራሙ ጎተትኳቸው።

ያንኑ ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቤቴ ደወል ጮኸ። ብሌን ናት፣ ከነዩኒፎርሟ። አልተቀመጠችም።

«ጋሽ ደምሴ፣ ሁሉንም ነግራኛለች ብለሃል። ምንድነው የነገርኩህ?»

«ልጄ፣ ይቅርታ ለማግኘት መጀመሪያ ጥፋት ይታመናል፤ የእኛ ደንብ...»

«ምንድነው የነገርኩህ?»

ወንበር ሳብኩላት።

«ስልክ ላይ ልነግርህ ስጀምር ‹ነገሩ ገብቶኛል› አልክ። እሺ፣ ምን ገባህ?»

«ለእናትሽ ብለሽ... ሳታስፈቅጂ...»

«አስፈቅጃለሁ። ከዋዜማው ሃምሳ አለቃው ጋ ደወልኩ፤ ‹ውሰጃት፣ ከቀትር በኋላ ግቢ› አለኝ። አሁን አላልኩም ይላል። ኤኽት፣ እውነቴን ነው፣ ጋሽ ደምሴ፣ ‹አድርገሽዋል ወይ?› ብሎ የጠየቀኝ አንድም ሐበሻ የለም። እማማ አልጠየቀችኝም፤ አንተም አልጠየቅከኝም። ሁላችሁ ቀጥታ ወደ ልመና።» ድምፅዋ ተሰበረ፤ ወዲያው አስተካከለችው። «አጠገቤ ተቀመጥ ብቻ ነው ያልኩህ። ሄደህ ቆምክ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ሰኞ መጥተህ እውነቱን ተናገር። እንዳልነገርኩህ፣ እንዳልጠየቅከኝ።»

«ዋሽተሃል ይሉኛላ።»

«ዋሽተሃል እኮ» አለችና ወጣች።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። አልማዝ ለሁሉ አዳርሳዋለች። «ዳኛው ሄግ ድረስ ሄደው ሻምበሏን አፍ ለአፍ ገጠሟት» እየተባለ ሴቶቹ ትከሻዬን ሳሙኝ፤ ወንበር ተለቀቀልኝ። አቶ ተክሌ ጥግ ላይ ከበው ለተቀመጡት «ሻምበሏ ቡና ራሷ ቀዳችልን» ይላሉ። አፈርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ወንበር ቆረቆረኝ። ሰኞ አሞኛል ብዬ ብቀር ማንም አይጠይቀኝም፤ እኔ ዳኛው ሆኜ እቀጥላለሁ፣ ልጅቷ ግን በእኔ ቃል ትቀጣለች። ይህን ሳሰላስል መዋሌን አልደብቃችሁም። ለአንድ ቀን ሙሉ ሁለቱን አመዛዘንኩ። እንዲህ ያለ ሰው ነበርኩ።

ሰኞ ጠዋት ጦር ሰፈሩ ደረስኩ። የጠባቂዎቹ ክፍል በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ነፋስ እንዳይዘጋው የአቶ ተክሌ ድንጋይ ከሥሩ ተደግፎለታል።

ክፍሉ ትንሽ ነው። ሻምበሏ፣ በላፕቶፕ የምትጽፍ አንዲት ጎልማሳ ሴት፣ ጉንጩ የቀላው ሃምሳ አለቃ፣ ብሌን። ብሌን ሌላ ሰው አላመጣችም። አጠገቧ ባዶ ወንበር ነበር።

«ዓርብ ሁሉንም ነግራኛለች ብለውኝ ነበር» አለችኝ ሻምበሏ።

«ምንም አልነገረችኝም። ልትነግረኝ ስትጀምር አቋረጥኳት። አድርገሻል ወይ ብዬም አልጠየቅኋትም።»

«ታዲያ ለምን እንደዚያ አሉ?»

«የማውቅ ለመምሰል።»

«የጦር ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ ይባላል።»

ብሌን አላየችኝም። መለስኩ፦ «ጸሐፊ ነበርኩ። ፍርዱን ነበር የምተይበው። ችሎቱ ከመጀመሩ በፊት።»

ላፕቶፕ ላይ ያለችው ሴት ጣቷን አነሳች። «ከመጀመሩ በፊት?» ስትል ጠየቀችኝ፤ በትክክል ለመጻፍ ብላ ነው እንጂ ልትወቅሰኝ አይደለም።

«አዎ፣ ከመጀመሩ በፊት» አልኩ። ጻፈችው።

ልወጣ ዞርኩ። ብሌን ፊቷን ሳታዞር «ጋሽ ደምሴ፣ ተቀመጥ» አለችኝ። ባዶው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እንባዬ መጣ፤ ዋጥኩት።

ከዚያ ሻምበሏ ብሌንን አየቻትና ጠየቀቻት፦ «ያለ ፈቃድ ቀርተሻል?»

«አልቀረሁም።»

ጥያቄዋ ይህቺው ናት። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ስትጠየቅ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ሃምሳ አለቃው «ደውላልኛለች፣ ግን አልፈቀድኩም» አለ። የብሌን ስልክ ጥሪውን ያሳያል፣ የተባለውን አያሳይም። ብሌን ስትደውል አብሮ የሰማ ባልደረባ አለ አለች፤ ግን ለዕረፍት ከአገር ወጥቷል። ሻምበሏ ወጥታ ብዙ ቆየች፤ ተመልሳ «ተግሣጽ» ብላ ወሰነች። የቅጣቶች ሁሉ ቀላሉ ነው፤ ኮርሱን ለማስቀረት ግን ይበቃል።

አለቀ ስል ሻምበሏ ከመሳቢያዋ ወረቀት አውጥታ ለብሌን ሰጠቻት። «ቅሬታ የምታቀርቢበት ይህ ነው። እኔ ተሳስቻለሁ ካልሽ እዚህ ላይ ጻፊ።»

እኔ የብሌንን እጅጌ ሳብኩ። «ተይ ልጄ፣ ይብስብሻል» አልኳት በሹክሹክታ። የቀጣሽ ሰው ፊት ስለ ቀጪው ክፉ ትጽፊያለሽ እንዴ? የግድግዳው ታሪክ አንድም አልገባኝም ነበር ማለት ነው።

«ዝም ብለህ ተቀመጥ» አለችኝ፤ እዚያው እስክሪብቶ ተቀብላ ጻፈች።

ባልደረባው ከዕረፍት ተመልሶ የሰማውን ተናገረ፤ ከሻምበሏ በላይ ያለው መኮንን ተግሣጹን ሰረዘው። ብሌን ኮርሱን ጨርሳ አሁን ሃምሳ አለቃ ናት። ሻምበሏ ተሳስታ ነበር። ይህን አልሸፋፍንላትም፤ ሃምሳ አለቃውን አምና፣ እሱን ያመነችውን ብሌንን ቀጣች። ግን የራሷን ስህተት የምታሳይበትን ወረቀት በራሷ እጅ አቀበለች። በእኛ ክፍለ ጦር እንዲህ ያለ ወረቀት አልተየብኩም፤ መሳቢያም አልነበረውም።

አልማዝ ነገሩን ስትሰማ «እኔም አልጠየቅኋትም እኮ» ብላ አለቀሰች። አቶ ተክሌ ለሁለት ወር አላነጋገሩኝም፤ የተቀየሙት ግን በውሸቴ ሳይሆን ድንጋያቸው በር መደገፊያ በመሆኑ ነው። ሕዝቡ? ጸሐፊ እንደነበርኩ አዳራሹ ውስጥ ቆሜ ነገርኳቸው። ሳቁ፤ «ዳኛው ትሑት ናቸው» አሉ። ወንበር አሁንም ይለቁልኛል። የሚያከብረው ያጣ ሕዝብ ጸሐፊም ሲያገኝ አይለቅም።

እናንተም ይህን የምታነቡ፣ ልጃችሁ ተከሰሰ ሲባል ነጠላ አጣፍታችሁ ከመነሣታችሁ በፊት ልጁን ጠይቁት። እኔ አሁን ሰው ሲመጣብኝ የምለው ይህንኑ ነው፤ ብዙዎቹ «እንዲያማልዱን ነው የመጣነው እንጂ እንዲመረምሩን ነው እንዴ?» ብለው ይቀየሙኛል። ይቀየሙ።

ጌትነት ያን ቀን ኮሪደሩ ላይ ስንት ደቂቃ እንደተቀመጠ አላስታውስም። አንድ ጥያቄ ለመጠየቅ ግን ይበቃ ነበር። ዘብ ጥለህ ጠፍተሃል ወይ ብሎ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ ችሎቱ ላይም፣ ከችሎቱ በፊትም። እሱ ግን ጠይቆኛል። እኔም እጄን ወረቀቱ ላይ እንደጫንኩ «ገና አልታየም» አልኩት።